በአቦ ቅጽር ውስጥ ቀይ ቀለም

ቤተ ክርስቲያን በንግሥ ቀን አይታይም። ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እስቲ ይታገሡኝ። በንግሥ ቀን የሚታየው ሰው ነው። ነጠላው ነው፣ ጥላው ነው፣ ከበሮው ነው፣ የጎረቤት አዲስ ቀሚስ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ዞሮ እስኪገባ የሰው ትከሻ ስታዩ ትውላላችሁ፤ ቤታችሁ ገብታችሁ እግራችሁን ስትታጠቡ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን የሚነግራችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ማየት የፈለገ ሰው በዓልም ገበያም ባልሆነ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ቄሶቹ ወደየእርሻቸው ከሄዱ በኋላ ይሂድ። ያኔ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆያል። ቅጽሩ ውስጥ የሚያስቀድሰው ነፋስ ብቻ ነው።

ደባርቅ የመጣ እንግዳ ግን ይህን ምክር የሚሰጠው አያገኝም። እኔ በደርግ ዘመን መምህር ሆኜ ከጎንደር ስመደብ፣ ያገኘሁት ሰው ሁሉ እጁን ወደ ሰሜን ተራራ ቀስሮ «ሳንቃ በርን አየህ? ጊች ወጣህ? ዋልያውንስ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አላየሁም ስል እንደ ዓይነ ስውር ያዝኑልኛል። ከተከራየሁት ቤት ጋር በጓሮ የሚዋሰነውን አቦን ግን አንድም ሰው አላነሳልኝም። አጠገብ ያለ ነገር እንዲህ ነው፤ ይሳለሙታል እንጂ አያዩትም።

አቦ የምላችሁ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ቤቶችና በጠላ ቤቶች መሐል ተወሽቆ፣ በድንጋይ ካብ ታጥሮ ተቀምጧል። ከውጭ ሲያዩት ጽዱና ወይራው ሸፍኖት ከተማው መሐል የተረሳ ጫካ ይመስላል። በእርግጥም በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶም ለሞፈርም እየተባለ ተመንጥሮ ሲያልቅ፣ ቤተ ክርስቲያን የተጠጋው ብቻ ነው የተረፈው። በዚያ አገር ዛፍም ጥግ ይፈልጋል።

እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ የማውቀው ከካቡ ውጭ ሆኜ ነበር። እንድገባ ያደረገኝ መንፈሳዊነቴ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። ያስገባኝ ግን የስብሰባ አዳራሽ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አለባቸው አዳራሽ ፈለገ። ክፉ ሰው እንዳልነበረ አስቀድሜ ልናገር፤ የዚያ ዘመን ሊቀ መንበር ሲባል ሁላችሁም አንድ ዓይነት ፊት ስለምትስሉ ነው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ሊቀ መንበር ከሆነም በኋላ ሰው ሲያነጋግር በዓይኑ ትከሻውን ይለካል። ስብሰባችን የሚካሄደው ሜዳ ላይ ነበር፤ የደባርቅ ብርድ ደግሞ ለመፈክር አይመችም። «ይውደም!» ለማለት የወጣ እጅ ነፋሱ ሲያገኘው ቃሉ ሳያልቅ ወደ ጋቢው ይመለሳል። ይህ ኢምፔሪያሊዝምን ያስቀው እንደሆነ እንጂ አያስፈራውም። ስለዚህ አዳራሽ ያስፈልጋል። ለአዳራሽ ምሰሶና ወጋግራ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ይጎብጣል፤ ጽድ ግን አይጎብጥም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ጽድ ያለው ደግሞ አቦ ቅጽር ውስጥ ነው። ጓድ አለባቸው እንደ ሙያው ለካና ቆረጠ። ማለቴ፣ እንዲቆረጥ ቆረጠ።

የሚቆረጡትን ዛፎች መርጦ ምልክት እንዲያደርግ የታዘዘው የደን ባለሙያው ታደለ ነበር። ታደለ የዳባት ልጅ ነው፤ እኔ በተመደብሁበት ዓመት እሱም ተመድቦ መጥቶ ጎረቤታሞች ሆነናል። አባቱ ቄስ ናቸው፤ ራሱም የደን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ዳዊት ደግሟል። አንድ ቀን ማለዳ በሬን አንኳኳ።

«መምህር፣ ዛሬ ታስተምራለህ?»

«ከሰዓት በኋላ ነው።»

«እንግዲያው ና፣ አቦን ላሳይህ።»

በአንድ እጁ የቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው ብሩሽ ይዟል። ቀለሙ ቀይ ነው። በዚያ ዘመን ቀይ ቀለም ከስኳር ይልቅ በቀላሉ ይገኝ ነበር። «አቦ ቀለም ሊቀባ ነው እንዴ?» ብዬ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁትና ሳቄ ጠፋ።

«ተወኝ ባክህ፤ ታዝዤ ነው» አለ። «ብቻዬን መሄድ አልሆነልኝም።»

በአቦ ጫማ የሚወለቀው ከቅጽሩ በር ጀምሮ ነው። አወለቅን። ታደለ ግን ቆርቆሮውን የት እንደሚያደርገው ጨነቀው። በር ላይ እንዳያስቀምጠው ሰው ሊወስድበት ነው፤ ይዞት እንዳይገባ ደግሞ ነውር መሰለው። ለጫማ ደንብ ወጥቶለታል፤ ለቀለም የወጣ ደንብ የለም። ጥቂት ካመነታ በኋላ እንደ ጸበል ዕቃ በሁለት እጁ አቅፎት ገባ።

ከገባን በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከካቡ ወዲያ ማዶ የጎንደር አውቶቡስ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይቀጠቅጣል። ይሰማል፤ ግን የሌላ አገር ድምፅ ይመስላል። ከእግራችን በታች የጽድ ቅጠል እንደ ጉዝጓዝ ተነጥፏል፤ የጤዛው ቅዝቃዜ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ ረጃጅም የድንጋይ ደወሎች በጠፍር ተንጠልጥለዋል። ሳላስበው ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ወዲያው የሰው ቤት ዕቃ የሰበርሁ ያህል አፈርሁ።

የደብሩ አገልጋይ አባ ወልደ ሰንበት ከጎጇቸው ብቅ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲራመዱ እንኳ የሚቸኩል ነገር የላቸውም። መጀመሪያ ቆርቆሮውን አዩት። ቀጥሎ ታደለን አዩት። ከዚያ እኔን።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። ለመሳለም ነው ወይስ ለማየት?»

ታደለ መሬት መሬት ያያል። «ለማየት ነው፣ አባ» አልኋቸው እኔ።

«ደግ። የሚያይ ጠፍቶ ነበር» አሉና ፊት ፊታችን ሄዱ።

አስጎበኙን። ከአንድ ወይራ ወጣ የተባለውን የጥንት በር አሳዩን፤ መዳፋችንን እንድናሳርፍበት ፈቀዱልን። የስንት ትውልድ ከንፈር ያለሰለሰውን መቃን አሳዩን። በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ተተከለ ስጠይቃቸው፣ በዚያ አገር ንጉሥ የሌለው ደብር ስለሌለ፣ የአንዱን የጎንደር ንጉሥ ስም እጠብቅ ነበር። «ንጉሡማ ሄደ» አሉኝ። «ስለቆየው ጠይቀኝ።» ከዚያ ቀስ እያሉ በስተደቡብ በኩል፣ ዛፉ ወደሚበረታበት፣ ይዘውን ዞሩ።

እዚያ ሴቶቹ ነበሩ።

በየዛፉ ሥር አንዳንድ ሴት ተቀምጣለች። ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጥለው፣ አንዷ ከሌላዋ ሳይነጋገሩ። አንዳንዷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዷ ዝም ብላ የዛፉን ልጥ በጥፍሯ ትነካካለች። ቅዳሴ የለ፣ ጸበል የለ። ምን እንደሚያደርጉ አባን በዓይኔ ጠየቅኋቸው።

«የዘማች እናቶች ናቸው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጆቹ ወደ ጦር ግንባር ከሄዱ ወሬያቸው አልተሰማም። ቤታቸው እንዳያለቅሱ መርዶ አልመጣ፤ ደጃቸው ላይ እንዳያለቅሱ ጀግና ዘምቷል ተብሎ አይለቀስም ይባላሉ። እዚህ ማን ይከለክላቸዋል? ዛፍ ዛፋቸውን ይዘው ይውላሉ።»

ታደለን አየሁት። የቆርቆሮውን እጀታ ጣቱ እስኪነጣ ድረስ ጨብጦታል።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ወደ አንዱ ጽድ ተጠጋ። ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ለምሰሶነት የተፈጠረ የሚመስል ግንድ ነው። ሥሩ የተቀመጡት እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ገበያ ላይ ጌሾ ሲሸጡ ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል።

«እናቴ፣ እባክዎ ትንሽ ይነሱልኝ» አለ ታደለ።

«ምን ልትሠራ ነው ልጄ?»

«ምልክት ላደርግ ነው።»

«ከቀበሌ ናችሁ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

እማማ ጥሩወርቅ ቀለሙን አዩ። ብሩሹን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ፣ ጭጋግ ከገደል አፋፍ ላይ እንደሚነሣ ዓይነት፣ በራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጓድ አለባቸው በዚያ በብርዱ ሜዳ ላይ ለዘማች ቤተሰቦች ንግግር ሲያደርግ «ለጀግኖች ልጆቻችሁ ማስታወሻ እናቆማለን!» ብሎ ነበር። በስብሰባ ላይ የሚባል ነገር ነው፤ ያለውም የረሳው፣ የሰማነውም የረሳነው። እናቶቹ ግን አልረሱም።

«ለልጆቹ ነው?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «ማስታወሻ የተባለው ይሄ ነው? ዛፉን ለልጆቹ ልታደርጉት ነው?»

ታደለ አፉን ከፈተ። መልሱ «አይደለም» ነበር፤ አንዲት ቃል ናት፤ እኔም ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኋት። ሳትወጣ ቀረች።

«አዎ» አለ ታደለ።

«ተመስገን! እንግዲያው ስሙን ጻፍበት።» ብድግ አሉ፤ ለመነሣት እጁን እንኳ አልፈለጉም። «ወልደ ማርያም ብለህ ጻፍ።»

«ልጅዎ ፈንታሁን አይደለም እንዴ?» አልኋቸው እኔ፤ ፈንታሁንን በስም አውቀው ነበር።

«ፈንታሁን የቀበሌ ነው» አሉኝ እንደ ሕፃን እያረሙኝ። «አቦ የሚያውቁት በክርስትና ስሙ ነው። ፈንታሁን ብትሏቸው ማንን ይጠብቁ?»

ታደለ ብሩሹን ነከረ። «ወልደ» የሚለውን ቀስ ብሎ ጻፈ፤ «ማርያም» ላይ ሲደርስ እጁ ፈጠነ። ቆንጆ ጽሕፈት ነበረው፤ የአባቱ እጅ ነው መሰለኝ። ከጎን ያለችው ሴት ይህን አይታ ተነሣች። ከዚያ ሌላዋ። ማንም አልጮኸ፣ ማንም አልተጋፋ። ታደለ ወደ ቀጣዩ ዛፍ ሲሄድ ሥሩ የነበረችው ቆማ ትጠብቀዋለች። ገሚሷ ስሙን ነግራ ታለቅሳለች፤ ገሚሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ሹክ ትለውና ፊቷን ታዞራለች። አንዷ ማንበብ ስለማትችል በጣቷ ፊደሎቹን እየነካች «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት፤ ከመጨረሻው ፊደል ላይ ጣቷን ሳታነሣ ቆየች።

ጨርሰን ስንወጣ አባ ወልደ ሰንበት በሩ ድረስ ሸኙን። ታደለን «ቀለሙ በቃህ?» ብቻ ነው ያሉት። ለምን እንደመጣን ከመጀመሪያው ያውቁ እንደነበር እስካሁን እጠረጥራለሁ። ለምን በስተደቡብ በኩል እንዳዞሩንም እንዲሁ።

ታደለ ጫማውን እያሰረ «አለቀልኝ» አለ።

በማግስቱ የተረፈውን ቀለም ሊመልስና ሪፖርት ሊያደርግ ወደ ቀበሌ ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። ምን ልረዳው? ቢያስሩት ስንቅ የሚያቀብለው ሰው መኖሩን ይወቅ ብዬ ነው። ጓድ አለባቸው በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ታደለ ገና «ጓድ ሊቀ መንበር፣ የዛፎቹ ጉዳይ…» ከማለቱ፣ ከገበያው በኩል እልልታ ተሰማ።

እናቶቹ ናቸው። ያ ሁሉ ዝምታ አንድ ቀን አደረና እልልታ ሆነ። ከፊት እማማ ጥሩወርቅ፤ ሌሎቹ ተከትለው፤ መንገድ ላይ ወሬውን የሰማ ሰው ሁሉ ተደርቦ ግቢውን ሞላው።

«አለባቸው ልጄ!» አሉ እማማ ጥሩወርቅ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። «ቃል አክባሪ ያድርግህ! የተናገርኸውን ፈጸምህ፤ ለልጆቻችን ዛፍ ሰጠህ! ዕድሜ ይስጥህ!»

ጓድ አለባቸው ታደለን አየ። ታደለ የገዛ ጫማውን አየ። እኔ ሰማዩን አየሁ። ሕዝቡ «አሜን» ሲል በረንዳው ተንቀጠቀጠ። ሊቀ መንበር መሆን ያለ ዝግጅት መናገርን ያስተምራልና እጁን ከፍ አደረገ።

«ጓዶች እናቶች! ቀበሌያችን ለዘማች ቤተሰቦች ያለውን…» አለና ቆመ። ቃል የሚጠፋው ሰው አልነበረም። ዓይኑን ተከትዬ ሳይ፣ ከሴቶቹ መጨረሻ፣ የግቢው አጥር ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመችው የገዛ ሚስቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ናት። እልል አትልም። ዝም ብላ ታየዋለች። የመጀመሪያው ዙር ዘማች ሲመለመል፣ የሰው ልጅ ልኮ የራሱን አስቀረ እንዳይባል፣ ጓድ አለባቸው ልጁን ደሳለኝን አስቀድሞ እንደላከ ደባርቅ ሁሉ ያውቃል። ሚስቱ በየረፋዱ የት እንደምትውል ግን ከእሱና ከእኛ ከመጤዎቹ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

ንግግሩን ሳይጨርስ ጓዶች እናቶችን አሰናበተ። ግቢው ባዶ ሲሆን ወደ ታደለ ዞረ።

«ምን አደረግህ?»

«ጻፍሁ።»

«ምን ጻፍህ?»

«ስም።»

ጓድ አለባቸው ኮፍያውን አነሣ። «ቀለሙን ያዝና ተከተለኝ።»

እስር ቤቱ ከአደባባዩ በስተቀኝ ነው። እኔ የታደለን ብርድ ልብስ ከቤት ማን ያምጣለት እያልሁ በሐሳብ ሳወጣና ሳወርድ፣ ሊቀ መንበሩ አደባባዩ ላይ ደርሶ ወደ ግራ ታጠፈ።

አቦ በር ላይ ለማውለቅ ጎንበስ አለ። ረጅም የወታደር ጫማ ነው ያደረገው፤ ክሩ እስከ ባቱ ይወጣል። ዕድሜውን በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያስገባ የኖረ ጣት የገዛ ጫማውን ክር መፍታት አቃተው። ታደለ ቆርቆሮውን አስቀምጦ ተንበረከከና ፈታለት።

ቅጽሩ ውስጥ ያን ቀን ሴቶቹ አልነበሩም። ጓድ አለባቸው በባዶ እግሩ ከዛፍ ዛፍ እየሄደ አነበበ። ወልደ ማርያም። ገብረ ጻድቅ። ኃይለ ጊዮርጊስ። ሁሉንም ልጆች በቀበሌ ስማቸው መዝግቦ የላካቸው እሱ ነው፤ እዚህ ግን አንዱንም አላወቀውም። ዞሮ ዞሮ መሐል ላይ ቆመ። አባ ወልደ ሰንበት ከጎጇቸው ወጥተው ራቅ ብለው ይመለከቱት ነበር።

«አባ» አለ፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «የእኔ ልጅ… የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

ደሳለኝን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ሊወቅሱት የሚችሉበት ቀን ያ ነበር፤ ለዓመታት በደጃቸው ሳይሳለም አልፏልና። አልወቀሱትም። «ወልደ ሚካኤል ነው» አሉና ክንዱን ይዘው ወደ ካቡ ዘመም ወዳለ አንድ ሽማግሌ ጽድ ወሰዱት።

ተጽፏል። ታደለ ትናንት ከነጠላ ሥር የሰማውን ስም የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቅ ጽፎታል።

ጓድ አለባቸው እጁን ሰደደ። በደባርቅ እርጥብ ብርድ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ጣቱ ላይ ቀይ ቀረ። ጣቱን አየው። የሚያለቅስ መስሎኝ ፊቴን ልመልስ ስል ቀለሙን እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው።

«ቀለሙ ስስ ነው» አለ ለታደለ። «ዝናብ ያጥበዋል። ድገመው።»

ታደለ ደገመው። የሁሉንም ደገመው።

ዓመታት ሲያልፉ ከእነዚያ ልጆች የተመለሱ አሉ፤ የእማማ ጥሩወርቅ ፈንታሁን በምርኩዝ ተደግፎ መጥቷል። ወልደ ሚካኤል አልመጣም። አባትና እናቱ ረፋድ ረፋድ አንድ ላይ ተቀምጠው ያየኋቸው ጊዜ አለ፤ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ግንድ ተደግፈው።

አዳራሹስ? አዳራሹ በባሕር ዛፍ ተሠራ። በመጀመሪያው ክረምት ጎበጠ፤ ነፋሱም እንደ ድሮው ይገባ ነበር፤ የሚገባበት በር መኖሩ ብቻ ነው ልዩነቱ። በምረቃው ቀን ጓድ አለባቸው ንግግር አደረገ። ቀበሌያችን በሰፊው መክሮ፣ ከራሱ አዳራሽ ይልቅ የጀግኖች እናቶችን አስቀድሞ፣ የአቦን ዛፎች ለልጆቻቸው መታሰቢያ እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን አበሰረን። ታደለ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አላየኝም፤ እኔም አላየሁትም። ውሸት ነው እንዳልል ነገሩ እውነት ሆኗል። እውነት ነው እንዳልል እኔ እዚያ ነበርሁ።

እጄን ከጋቢዬ አውጥቼ አጨበጨብሁ።